አሮጌ የቡና መኪና፦ ሳልቫትዮ መቀየርና የካሶኒ ወለል ማሸግ

ለዓመታት ቡና የጫነ መኪና ቀድሞ የሚያረጀው ዓይን በማያየው በኩል፣ ከካሶኒው ሥር ነው። ሞተሩ ሲደክም ይወርዳል፣ ጎማው ሲያልቅ ይቀየራል፣ ጋቢናው በየጊዜው ቀለም ያገኛል። በሻንሲው ጎን የታሰረውን የናፍጣ ሳልቫትዮና ከበላዩ የተነጠፈውን የጣውላ ወለል ግን እስኪያፈሱ ድረስ ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው የለም። ሳልቫትዮ መቀየርና ወለል ማሸግ ሁለት የተለያዩ ጥገናዎች ይመስላሉ፤ በቡና መኪና ላይ ግን የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሳልቫትዮው ሲያፈስ ሽታው ወደ ላይ ይወጣል፣ የተሰነጠቀ ወለል ደግሞ ሽታውንም ውኃውንም ያስገባል፤ ሁለቱም የሚያርፉት ጆንያው ላይ ነው።

ለጌዴኦ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከኮቸሬና ከገደብ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ቡና በዚሁ መንገድ ያልፋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ስትሆን፣ ወደ ቡሌ የሚወጣ መኪና በአጭር ርቀት ውስጥ ከሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይገባል። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ዛሬ የሚበዙት ኢሱዙዎች ናቸው፤ ከእነሱ በፊት ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት መኪናዎች ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የጣሊያን የጭነት መኪናዎችን በአገር ውስጥ ሲገጣጥም ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስገባትን ውድ ስላደረገው፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ ማቆየት ለብዙ ባለንብረት ብቸኛው መንገድ ሆኗል።

ቡና ሽታ የሚስብ እህል ነው። ፍሬው ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሲሆን ዘይትም አለው፤ የናፍጣ ጭስና ትነት ዘይቱ ውስጥ ከገባ በማናፈስም ሆነ በመቁላት አይወጣም። የይርጋጨፌ ቡና በዓለም ገበያ የተለየ ዋጋ የሚያገኘው በአበባና በሎሚ ቃናው ነው። ይህን ስስ ቃና ለመሸፈን ብዙ ናፍጣ አያስፈልግም። በዲላ የቡና ጥራት ምርመራ ማዕከል ቀማሹ አንድ ማንኪያ ሲምግ ባዕድ ሽታ ካገኘ፣ ገበሬው ቀይ እሸቱን እየመረጠ የለቀመው፣ የማጠቢያ ጣቢያው እያገላበጠ ያደረቀው ቡና ደረጃው ይወርዳል። ውኃውም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። እርጥበቱ እስከ 12 በመቶ ገደማ እንዲወርድ ተደርጎ የደረቀ ቡና ከታች ጆንያው ከራሰ መልሶ ይጠጣል፤ ቀለሙ ይነጣል፣ ከቆየም ይሻግታል።

ሳልቫትዮው የሚበላሸው ከውስጥም ከውጭም ነው። ከውስጥ የሚጀምረው በአየር ነው። ናፍጣው ሲቀንስ በመተንፈሻው ቀዳዳ እርጥበት ያለው አየር ይገባል። መኪናው ቀን ከቆላው ሙቀት ወጥቶ ሌሊት ደጋ ላይ ሲያድር አየሩ ይቀዘቅዝና በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሠራል። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከውኃ ይቀልላል፤ ውኃው ወደ ታች ወርዶ ከሥር ይተኛል። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ስስ መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። እነሱ የሚተዉት ጥቁር ዝቃጭ አሲድነት ስላለው ብረቱን ከሥር ይበሳዋል፣ ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ ይዘጋል። ነዳጅ ሲጠፋ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ደግሞ ውኃና አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ነገሩን ያባብሳል።

ከውጭ ያለው ጠላት ጭቃ ነው። ሳልቫትዮው በሁለት የብረት ቀበቶዎች ታስሮ ሲቀመጥ፣ በቀበቶውና በሳልቫትዮው መካከል የሚገባው የጌዴኦ ቀይ አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ያልተነካ ሳልቫትዮ ቀበቶው ሲፈታ እንደ ወረቀት ሳስቶ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ጠብታ አይደለም። አቧራ የሚይዝ የረጠበ ጥቁር ምልክት በመጋጠሚያው ወይም በቀበቶው ጠርዝ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ሥር ሽታ ይመጣል።

ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲቸገሩ ቀዳዳውን በደረቅ የልብስ ሳሙና ያሹታል። ሳሙና በናፍጣ ስለማይሟሟ ለጊዜው ይይዛል፣ መኪናውንም ጋራዥ ያደርሳል። ጥፋቱ የሚመጣው ጋራዥ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ሐሳብ በያጅ መጥራት ይሆናል።

አሮጌ ሳልቫትዮ መበየድ ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ስለማይቀጣጠል አይፈነዳም የሚል እምነት በስፋት አለ። እውነት ነው፣ ናፍጣ ለእሳት የሚበቃ ትነት የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ነገር ግን የብየዳው ብልጭታ የነካው ላሜራ በሺህ በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል። በስፌቱ ውስጥና በዝቃጩ ሥር የተደበቀው ናፍጣ በዚያ ሙቀት ወዲያው ይተናል፤ ባዶው ሳልቫትዮ ውስጥ ካለው አየር ጋር ይቀላቀልና ይፈነዳል። ስለዚህ ከሙሉ ይልቅ አደገኛው ባዶው ነው። በኦሞ ማጠብ፣ ለቀናት ክፍት አድርጎ ማናፈስ፣ የሞተር ጭስ በቱቦ ወደ ውስጥ መልቀቅ፣ ውኃ ሞልቶ መበየድ፣ እነዚህ ሁሉ በየጋራዡ የሚሠራባቸው ዘዴዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው አደጋውን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ አያጠፉትም፤ አሥር ጊዜ የተሳካለት በያጅ በአሥራ አንደኛው ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በዚያ ላይ ጥቅሙም ትንሽ ነው። አንድ ቦታ የተበሳ ላሜራ በሌላውም ቦታ ሳስቷል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ በአጠገቡ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ያፈሰሰ አሮጌ ሳልቫትዮ ይቀየራል እንጂ አይበየድም።

ማውረዱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። ናፍጣው በንጹሕ በርሜል ውስጥ ይቀዳል፤ ቱቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት የትኛው መሳቢያ፣ የትኛው መላሽ እንደሆነ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አፋቸውም አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ይደፈናል። ከሥር የሚቀረው ውኃና ዝቃጭ ወደ ቦይ የሚደፋ ነገር አይደለም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው ተደጋግፈው በሚኖሩበት አሠራሩ ነው፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹም የሚጠቀሙት ከተዳፋቱ የሚወርደውን ወንዝ ነው። ዝቃጩ በጣሳ ተይዞ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ይቀመጥ።

ሳልቫትዮው ሲወርድ የሻንሲው ጎንና የካሶኒው አግዳሚ ብረቶች ይገለጣሉ። ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በሌላ ጊዜ እጅ የማይገባበት ቦታ አሁን ይጠረጋል፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ አንቲረስት ይቀባል። የወለሉም የታችኛው ፊት ከዚህ በኩል በደንብ ይመረመራል።

አዲሱ ሳልቫትዮ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል የዚያኑ ዓይነት መኪና ሳልቫትዮ መፈለግ ነው። የሚገዛ ሰው በክዳኑ ቀዳዳ መብራት አስገብቶ ውስጡን ይይ፤ ቀለም የተቀባ ውጫዊ ገጽ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው በብረታ ብረት ቤት ማሠራት ሲሆን፣ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ከተሰጠ ይህኛው ይሻላል።

የሚሠራበት ብረት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ቢሆን ይበቃል። ዝገትን ለመሸሽ ተብሎ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ መምረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ናፍጣ ውስጥ ያለው አሲድ ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ነገር ይሠራል፤ ያ ነገር ፊልትሮውንና ኢንጀክተሩን ይደፍናል። የመዳብ ቱቦም ናፍጣውን ቶሎ ስለሚያበላሸው ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ዝገቱን የሚከላከለው ከውጭ ጥሩ ቀለም፣ ከውስጥ ውኃውን በየጊዜው ማውጣት ነው።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ቁመትና 40 ወርድ ያለው ሳልቫትዮ 200 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ የናፍጣው ክብደት ብቻ 170 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 10 ፈረሱላ ቡና ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ፈሳሽ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ግድግዳውን ይመታል። ስለዚህ በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት መከፈያ ላሜራዎች ሊኖሩ ይገባል፤ ፈሳሹን ያረጋጋሉ፣ ግድግዳውንም ያጠነክራሉ። ወጪ ለመቀነስ እነሱን የሚተው ሠራተኛ አለ። እንዲህ ያለ ሳልቫትዮ የተገጠመለት መኪና ናፍጣው ግማሽ ሲደርስ በቡሌ ዳገት ላይ አየር ይስባል፣ ሞተሩም መሐል መንገድ ላይ ይጠፋል። መሳቢያው ቱቦ ከወለሉ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ ውኃውና ዝቃጩ ከሥሩ እንዲቀር። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ደግሞ የማፍሰሻ ቡሎን ይደረጋል። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ 200 ሊትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 3 ሊትር ያህል ስለሚጨምር፣ የመሙያው አፍ ከላይ ትንሽ ባዶ ቦታ እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል።

ሥራው አልቆ ሳይፈተሽ አይገጠም። በብዙ ቦታ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይገጠምበትና ስፌቱ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል። አረፋው ጥሩ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ግን አደገኛ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሳልቫትዮ አንድ ሰፊ ገጽ 5,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ግፊቱ የአንድ ባር አምስተኛ ብቻ ቢሆን እንኳ ያ ገጽ 10 ኩንታል ያህል ኃይል ይሸከማል፤ የጭነት መኪና ጎማ የሚነፋበት ግፊት ቢለቀቅበት ላሜራው ተቀዶ በአጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል። ከዚያ ይልቅ የቆየው ዘዴ አስተማማኝ ነው። ስፌቱ ከውጭ በኖራ ይለቀለቅና እስኪነጣ ይደርቃል፤ ውስጡ ትንሽ ላምባ ይጨመርና ሳልቫትዮው በየጎኑ እየተገላበጠ ለሰዓታት ይቀመጣል። ላምባ ከውኃ ይልቅ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ፣ የሚያፈስ ነጥብ ካለ በነጩ ኖራ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀዳዳ ከተገኘ ላምባው ወጥቶ ቦታው በእሳት ሳይሆን በመገጣጠሚያ ማጣበቂያ ይታረማል፤ እንደ አሮጌው ሳልቫትዮ ሁሉ አይበየድም። ስፌቱን ከመጀመሪያው ከውስጥም ከውጭም አጥብቆ መበየድ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ሲገጠም በቀበቶዎቹና በሳልቫትዮው መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይነጠፋል። ጨርቅ ወይም ጆንያ ማድረግ ውኃ ማጠራቀም ነው። ቀበቶው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ስለሚላላ ዳዶው እንደገና ይጠብቃል፤ የናፍጣ ፊልትሮውም በአዲስ ይቀየራል።

የካሶኒው ወለል ከሳልቫትዮው ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጣውላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንቅስቃሴውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ጣውላዎቹን አጣብቆ በሚስማር የመታ ሰው ወለሉ ሲያብጥ ሚስማሩን ገፍቶ ሲነቅለው ያያል። መበስበስ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የጣውላው ጫፍ በሚያልቅበት፣ ቡሎን በሚያልፍበትና አግዳሚው ብረት ላይ በሚያርፍበት ቦታ ነው። በጩቤ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚገባ እንጨት ሞቷል፤ ያን ክፍል በማሸጊያ መሸፈን ብስባሹን መደበቅ ስለሆነ ጣውላው ይቀየራል። በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ለዚህ ይበቃል።

በየመንገዱ የተለመደው ማሸጊያ ሬንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ውኃም ያግዳል፤ ሲሚንቶ ወይም ብሎኬት ለሚጭን መኪና ላይከፋ ይችላል። ለቡና ግን አይሆንም። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሽታው ለወራት አይለቅም፣ ናፍጣ ከነካውም ይሟሟል። ሲልከን ደግሞ እንጨት ላይ ብዙ አይቆይም፤ ቀለምም አይይዝበትም፣ ሲነሳ የሚተወው ቅባት ቀጣዩን ማሸጊያ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ዓይነት ፖሊዩሬታን ሲሆን በመለዋወጫ ሱቆች ይገኛል። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም የአንድ ጆንያ ጥሩ ቡና ኪሳራ ይበልጠዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ማሸጊያ እስከ ጥሬው እንጨት ድረስ ተፍቆ ይወጣል። በጣውላዎቹ መካከል አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፣ ከሥሩም ስስ የስፖንጅ ገመድ ይገባል። ገመዱ ቦታ መሙያ ብቻ አይደለም። ማሸጊያው በሁለቱ ጣውላዎች ጎን ብቻ ሳይሆን ከሥርም ከተጣበቀ፣ ጣውላው ሲንቀሳቀስ ለመለጠጥ ነፃነት አጥቶ ይቀደዳል። ብዙ ጥሩ ማሸጊያ በአንድ ክረምት የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቡሎኖቹም እየተነቀሉ በአንገታቸው ዙሪያ ማሸጊያ ተቀብቶ ይመለሳሉ፤ መጀመሪያ ለዘብ ተደርገው ይታሰሩና ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ይጠብቃሉ። ገና እርጥብ ሳለ እስከ መጨረሻ የተጠበቀ ቡሎን ማሸጊያውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ፖሊዩሬታን የሚደርቀው በአየር እርጥበት፣ በቀን ሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር እየገባ ስለሆነ፣ ጥልቀቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፌት እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል።

ጊዜው ራሱ ችግር አለው። በጌዴኦ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዴ በበልግ፣ አንዴ በመጸው መግቢያ። ደረቁ ወቅት ታኅሣሥና ጥር ሲሆን ያኔ ደግሞ ቡናው ከየጣቢያው ስለሚወጣ መኪና አይቆምም። ስለዚህ ባለንብረቶች ወለሉን የሚያድሱት የቡናው ጊዜ ሊገባ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ባለበት ሰዓት ነው። እርጥብ እንጨት ከላይ ሲታሸግ ውኃው መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ማሸጊያውም ወዲያው ይላቀቃል። ያለ አማራጭ በዚያ ወር የሚሠራ ከሆነ መኪናው ጣሪያ ሥር ቆሞ፣ የጎን ሳንቃው ወርዶ፣ ጣውላው ነፋስ እየነፈሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ከተቻለ ግን የካቲት መግቢያ፣ ከበልጉ በፊት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ወለሉ አልቆ መፈተሽ የሚቻለው ሌሊት ነው። አንድ ሰው ከሥር መብራት ይዞ ሲዘዋወር፣ ሌላው ከላይ ሸራው ሥር ሆኖ የሚያበራውን ስንጥቅ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። በማግስቱ ውኃ ከላይ ይፈስስና ከሥር ይታያል። ከጋቢናው ጀርባ ያለው የፊት ግድግዳ መጋጠሚያና የኋላው ሳንቃ ማጠፊያ አይረሱ፤ መኪናው ሲሄድ ጎማው የሚረጨው ውኃ በብዛት የሚገባው በእነዚህ ነው። ሸራውም ሳይቀደድ ከጎን ሳንቃው ወደ ውጭ ወርዶ መታሰር አለበት። የፕላስቲክ ሸራ ዝናብ ቢያግድም ቀን የሞቀው ቡና የሚያወጣውን እርጥበት አያስወጣም፤ ሌሊት ላይ ያ እርጥበት ተመልሶ በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ለረጅም ጉዞ ወፍራም የጥጥ ሸራ ይመረጣል።

አዲስ ቀለምና አዲስ ማሸጊያም የራሳቸው ሽታ አላቸው። ስለዚህ ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ጭነት ቡና መሆን የለበትም። መኪናው ቡና ከመጫኑ በፊት አንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና በክፍት ሳህን ተደርጎ በካሶኒው ወለል ላይ፣ ሸራው እንደተዘጋ ይደር። ጠዋት ተቆልቶና ተፈልቶ ከሌላው ቡና ጎን ይቀመስ። የቀለም ወይም የናፍጣ ሽታ ካለው ካሶኒው ጥቂት ቀን ይናፈስና ሙከራው ይደገም፤ ልዩነት ከሌለው መኪናው ቡና ይጫን።